የእጅ ባትሪ ብልጭታ

የእጅ ባትሪ ብልጭታ ወይም ስትሮብ የእጅ ባትሪ ሳያቋርጥ ከመብራት ይልቅ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ብልጭ ድርግም እንዲል የሚያደርግ የአበራር ዓይነት ነው። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ የኤልኢዲ ባትሪዎች ቁልፋቸው በተጫነ ቁጥር ከከፍተኛ ብርሃን ወደ ዝቅተኛ፣ ከዚያም ወደ ብልጭታ ይሻገራሉ። ብልጭታው ባትሪውን የያዘው ሰው ከሩቅ እንዲታይ ይረዳል፤ ሰውየው ራሱ መንገዱን ለማየት ግን አይመቸውም። ስለዚህ በዕለት ኑሮ የሚጠቅመው በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው።

ስያሜ

በኢትዮጵያ «ባትሪ» የሚለው ቃል ለመብራቱም ለኃይል ምንጩም ያገለግላል። ሁለቱን ለመለየት መብራቱ «የእጅ ባትሪ»፣ ውስጡ የሚገባው ደረቅ ሴል ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። «ስትሮብ» ስትሮቦስኮፕ ከተባለው መሣሪያ ስም ያጠረ ነው። ይህን ቀዳዳ ያለው የሚሽከረከር ዲስክ የቤልጅጉ ጆሴፍ ፕላቶ እና የኦስትሪያው ሲሞን ፎን ሽታምፕፈር እ.ኤ.አ. በ1832 ለየብቻቸው ሠርተውታል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን ከእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ብልጭታ በመጠቀም በፍጥነት የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን የቆሙ አስመስሎ ፎቶግራፍ አንስቷል።

አሠራር

የድሮው አምፖል ክር ለመጋልና ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለሚወስድ በፍጥነት ማብራትና ማጥፋት አይቻልም ነበር። ኤልኢዲ ግን በቅጽበት ይበራል፣ በቅጽበት ይጠፋል። በባትሪው ውስጥ ያለች ትንሽ ሰርኪዩት ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠች ትሰጠዋለች። የብዙ የእጅ ባትሪዎች ብልጭታ በሰከንድ ከ5 እስከ 20 ጊዜ ይደርሳል። መብራቱ ግማሹን ጊዜ ጠፍቶ የሚቆይ ከሆነ በከፍተኛ ብርሃን ከመጠቀም ጋር ሲነጻጸር የሚፈጀው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ዓይን በእያንዳንዱ ብልጭታ አንድ ምስል ብቻ ስለሚይዝ የሚንቀሳቀስ ነገር እየዘለለ የሚሄድ ይመስላል። በዚህ ብርሃን የሚራመድ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ ድንጋዩ ወይም ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት ይቸግረዋል።

ጥቅም

ምልክት ለመስጠት። የተቋረጠ ብርሃን ጸንቶ ከሚበራ ይልቅ ትኩረት ይስባል። የመኪና ፍሬቻም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብቻ ነው። በተራራ ላይ እርዳታ ለመጠየቅ በደቂቃ 6 ጊዜ ማብራት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍና መድገም የቆየ ስምምነት ነው፤ መልሱ በደቂቃ 3 ጊዜ ነው። ኤስ ኦ ኤስ ደግሞ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ብርሃን ነው። ሁለቱንም ምልክቶች ብልጭታ በሌለው ባትሪ በእጅ እያበሩ እያጠፉ መስጠት ይቻላል።

በመንገድ ዳር። ሌሊት የተበላሸ መኪና ያቆመ ሰው፣ ከተለመደው ሦስት ማዕዘን ምልክት ወይም በአስፋልቱ ላይ ከሚጣለው ቅጠል በተጨማሪ፣ ቀስ ብሎ የሚበራና የሚጠፋ ባትሪ መሬት ላይ ቢያስቀምጥ ከሩቅ ይታያል። ፈጣኑን ብልጭታ ወደ አሽከርካሪ ዓይን ማነጣጠር ግን ለአደጋ ያጋልጣል።

አውሬ ለመከላከል። ኬንያዊው ሪቻርድ ቱሬሬ በልጅነቱ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የቤተሰቡን ከብቶች ከአንበሳ ለመጠበቅ በበረቱ ዙሪያ በየተራ ብልጭ የሚሉ መብራቶች ተክሏል። ሐሳቡ የመጣለት አንበሳ የሚንቀሳቀስ ብርሃን እንደሚሸሽ በማየቱ ነው፤ ብልጭታው ሰው ባትሪ ይዞ የሚዘዋወር ያስመስላል። ሳይለዋወጥ የሚደጋገም ብርሃንን ግን እንስሳት ከጊዜ በኋላ ሊለምዱት ይችላሉ።

ራስን ለመከላከል። ኃይለኛ ብልጭታ በጨለማ የለመደ ዓይንን ለጥቂት ጊዜ ያደናግራል። ይሁንና ጸንቶ የሚበራ ኃይለኛ ብርሃንም ያሳውራል፤ በሁለቱም ሁኔታ ትርፉ ለመሸሽ የሚበቃ አጭር ጊዜ ነው።

በደንና በገጠር

በካፋ ዞን ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ በተፈጥሮ የቡና ደኑ በሚታወቀው ማንኪራ፣ የብልጭታውን ጥቅምና ጉድለት ማየት ቀላል ነው። አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶሎ ይጨልማል። በትላልቅ ዛፎች ሥር ደግሞ ጨለማው ቀድሞ ይገባል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሥርና ጭቃ የበዛበትን የእግር መንገድ ለመለየት ጸንቶ የሚበራ ብርሃን ያስፈልጋል። ጉም ሲኖር ኃይለኛ ብልጭታ ከጉሙ ላይ ተመልሶ የያዘውን ሰው ዓይን ይመታል። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ብርሃን በቅጠል ስለሚጋረድ፣ የጠፋን ሰው ለመፈለግ ጥሪና ፉጨት ይበልጥ ይጠቅማሉ። ብልጭታው የሚያገለግለው ገላጣ ስፍራ ወይም ኮረብታ ላይ ሲደረስ ነው።

ሌሊት በቆሎን ከዱር አሳማና ከጃርት የሚጠብቅ ገበሬ እንደ ልማዱ ማማ ላይ ሆኖ በእሳትና በጩኸት ይከላከላል። ባትሪ ለዚህ ሥራ ሊረዳ ይችላል፤ የብርሃኑን ቦታና አኳኋን እየለዋወጡ፣ ከድምፅ ጋር መጠቀም ደግሞ እንስሳቱ ቶሎ እንዳይለምዱት ያደርጋል።

የጤና ጥንቃቄ

የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል 3 ያህሉን ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሊጥላቸው ይችላል። ችግሩ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይበዛል። አደገኛ የሚባለው ፍጥነት በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ ሲሆን የእጅ ባትሪ ብልጭታ በዚሁ ውስጥ ይወድቃል። በጃፓን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1997 የፖኬሞን ካርቱን ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ካሳየ በኋላ 685 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከ1000 ሰው ውስጥ 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ብልጭታውን ለጨዋታ ወደ ሰው ፊት ማብራት አይገባም። ብርሃኑ የረበሸው ሰው አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን ማዞር ይረዳዋል፤ ዓይንን መጨፈን ብቻ አይበቃም፣ ብርሃን በሽፋሽፍት ቆዳ ያልፋልና።

አመራረጥ

መብራት ሲጠፋ ለማንበብ፣ ለማብሰል ወይም ሌሊት ወደ ውጭ ለመውጣት ዝቅተኛና ጸንቶ የሚበራ ብርሃን ይሻላል፤ የባትሪውን ዕድሜም ያረዝማል። ባትሪ በሚገዛበት ጊዜ ብልጭታው በተለመደው ቅደም ተከተል ውስጥ ሳይገባ ቁልፉን ደጋግሞ ወይም ረዘም አድርጎ በመጫን ብቻ የሚበራ ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ከሆነ ብርሃን ለመቀነስ የፈለገ ሰው በመንገድ መሐል ሳያስበው ወደ ብልጭታ አይገባም።