የጢስ ገቢ፦ የብሪታንያ ግምጃ ቤትና የትንባሆ ቀረጥ



የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በየፓኬቱ 8 ብር ታክስ ጥሏል። አዋጁ ሁለት ዓላማዎችን አጣምሮ ይዟል፤ አንደኛው ጤናን የሚጎዳ ዕቃ ፍጆታን መቀነስ፣ ሁለተኛው ለመንግሥት ገቢ ማስገኘት ነው። ታዲያ አጫሹ ሲያንስ ካዝናው አይጎድልምን? ይህ ጥያቄ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ የተፈተነው በብሪታንያ ነውና፣ በዛሬው ንግግሬ የዚያችን አገር ታሪክ እመረምራለሁ። የምጠቅሳቸው የብሪታንያ ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ትንባሆን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ1604 ትንባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመትም በአንድ ፓውንድ ክብደት ትንባሆ ላይ የነበረውን የ2 ፔንስ ቀረጥ ወደ 6 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ፣ ማለትም ወደ አርባ አንድ እጥፍ አሳደገው። ኮንትሮባንድ ተስፋፋ፤ ቀረጡም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝቅ ተደረገ። ከቨርጂኒያ የሚጫነው ትንባሆ እየበዛ ሲሄድ ግን ዘውዱ ከጠላው ዕቃ መጠቀምን ለመደ። በ1619 በእንግሊዝ ምድር ትንባሆ መዝራት ተከለከለ። በወደብ በኩል የሚገባ ዕቃ ይቀረጣል፤ በየማሳው የሚበቅለው ግን ከቀራጭ ዓይን ያመልጣልና።

ይህ ልማድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጥገኝነት አደገ። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዘውን ጥናታቸውን በ1950 ሲያወጡ፣ ከማዕከላዊው መንግሥት ገቢ ውስጥ ከአንድ ሰባተኛ የማያንሰው ከትንባሆ ይሰበሰብ ነበር። በ1954 የጤና ሚኒስትሩ ኢየን ማክሊዮድ የጥናቱን ውጤት ለጋዜጠኞች ያስታወቁት ሲጋራ እያጨሱ ነው። በዚያው ወቅት ለግምጃ ቤቱ ባልደረባቸው በጻፉት ማስታወሻም የማኅበራዊ ዋስትናው ሥርዓት በትንባሆ ላይ የቆመ መሆኑን ጠቁመዋል። የንጉሣዊው የሐኪሞች ኮሌጅ ታክሱ ከፍ እንዲል የመከረበት ዘገባ የወጣው በ1962 ነው። የሲጋራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የታገደው በ1965፣ በፓኬት ላይ ማስጠንቀቂያ የታተመው ደግሞ በ1971 ነበር። ለዚህ መዘግየት የአምራቾቹ ተቃውሞም ድርሻ ነበረው፤ የግምጃ ቤቱ ሥጋት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበረ እከራከራለሁ።

የተፈራው ደረሰን? በ1974 በብሪታንያ 45 በመቶ ያህሉ አዋቂ ያጨስ ነበር፤ በ2023 ይህ ቁጥር ወደ 12 በመቶ ገደማ ወርዷል። የትንባሆ ቀረጥ ግን በጥሬ ገንዘብ ሲቈጠር ለረጅም ጊዜ እያደገ ቆይቶ፣ ከ2020 ወዲህ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። የዋጋ ንረት ለዚህ አስተዋጽኦ ማድረጉ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ዋናውን ምሥጢር ቀላል ስሌት ያስረዳል። ከ100 ብር ፓኬት 70 ብሩ ታክስ ነው እንበል። ታክሱ በ10 ብር ሲጨመር ዋጋው 110 ብር ይሆናል። ገዢው በ4 በመቶ ቢቀንስ፣ ቀድሞ ከመቶ ፓኬት 7,000 ብር ያገኝ የነበረው መንግሥት አሁን ከ96 ፓኬት 7,680 ብር ያገኛል። ሱስ ያለበት ሰው ዋጋ ሲጨምር ወዲያውኑ አይተውምና።

ሆኖም ይህ መንገድ ገደብ አለው። ከ1993 ጀምሮ ታክሱ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት በላይ እንዲያድግ ተወሰነ፤ በ2000 ገደማ ከአምስት ሲጋራ አንዱ ያህል ቀረጥ ያልተከፈለበት ሆነ። ቁጥጥሩ ከተጠናከረ በኋላ ነው ኮንትሮባንዱ የቀነሰው። ማጨስ ካላቆሙት መካከል ድሆች ስለሚበዙ፣ ሸክሙም በእነርሱ ላይ ይከብዳል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ገቢው በጥሬ ገንዘብም መውረድ ጀምሯል፤ አገሪቱ ግን አልተናጋችም። ከሲጋራ የተረፈ ገንዘብ በሌላ ግብይት ላይ ይውላል፤ በ1973 የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስና የገቢ ግብር ተስፋፍተው ክፍተቱን ሞልተዋል። ዛሬ የትንባሆ ቀረጥ ከጠቅላላው የመንግሥት ገቢ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ የሚከተለው ነው፦ ገቢው የሚወርደው ቀስ በቀስ ስለሆነ ለመተካት ጊዜ ይሰጣል፤ ጥገኝነት ያስከተለው የፖሊሲ መዘግየት ግን በሰው ሕይወት ተከፍሎበታል፤ ያም አይተካም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ገደማ ነበር። መንግሥትም በዚያው ዓመት 40 በመቶውን የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅት ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ የትንባሆ ኩባንያ ሸጧል፤ ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አድርሷል። ስለዚህ የእኛ ካዝና እንደ ብሪታንያው በጢስ ላይ የቆመ አይደለም። ታክሱን ለጤና ሲባል ለማሳደግ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም እላለሁ፤ ነገር ግን በድንበር ላይ የሚደረገው ቁጥጥር አብሮ ካልተጠናከረ የ1604ቱ ታሪክ በእኛም ሊደገም ይችላል።