ፍሪሲዮን የሌላት ፒካፕ

ይኸውላችሁ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጋራዥ ገብታችሁ ስትወጡ ጆሯችሁ ላይ የሚቀሩትን ቃላት ቁጠሩልኝ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ… ሁሉም የጣሊያን ልጆች ናቸው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ቃላቱን ግን ማንም አላባረራቸውም። አባቱ አርበኛ የነበረ ሽማግሌ እንኳ "ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ ነው" ሲል ጣሊያንኛ እያወራ መሆኑ ትዝ አይለውም።

አሁን ደግሞ የኦቶማቲክ ማርሽን የውስጥ ዕቃዎች ስም ጥሩልኝ። እ… "ኦቶማቲክ"። ሌላስ? አዲስ አበባ ከሆናችሁ "ቫልቭ ቦዲ" የሚል መካኒክ ታገኙ ይሆናል። እኛ ባሕር ዳር ግን ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሰባታሚት ደግሞ ዝምታው ገንዘብ ያስወጣል። ዛሬ የማወጋችሁ የዚህን ዝምታ ታሪክ ነው። መኪና የሌላችሁም ታገሡኝ፤ እኔም የለኝም።

መኪናን መጀመሪያ ወደዚህ አገር ያመጣው ጣሊያን አልነበረም። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ መኪናውን ከጅቡቲ አንሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃ እየነዳም እያስጎተተም አዲስ አበባ ገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያሳየው በ1900 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን አንዲት መኪና ቤተ መንግሥት መግባቷ ሙያ አይፈጥርም። ሙያውን የፈጠረው የጭነት መኪናው ነው። ጣሊያኖች ጦራቸውን ለመቀለብ መንገድ ሲቆርጡ ከነጋራዣቸው መጡ። ሲሸነፉ መኪናው ቀረ፤ ከመካኒኮቻቸውም የቀሩ ነበሩ። "ትሬንታ ኳትሮ"ን አያቶቻችን ያስታውሱታል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ፊያት "ኤንትሬ" ደግሞ እኛም ዳገት ላይ ሲያቃስት ደርሰንበታል። የእኛ ልጆች በነዚያ ጋራዦች ጎማ ፈቺ፣ ዘይት ቀያሪ፣ ካቻቢቴ አቀባይ ሆነው ገቡ። ትምህርቱ መጽሐፍ አልነበረውም። ጆሮ ነበር፣ እጅ ነበር፣ አልፎ አልፎም ኩርኩም።

ይኼ ሊሆን የቻለው ካምቢዮ ባሕርዩ ስለሚፈቅድ ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ሰሃን ነው፤ ሲያልቅ ይሸታል፣ መኪናው ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ይላል፤ አውርደህ ታየዋለህ፣ ማለቁን በዓይንህ ታረጋግጣለህ። የካምቢዮ ጥርስ ሲሰበር ድምፁ ይነግርሃል። ባትሪ ከሞተ ደግሞ ሦስት ጎረምሳ ጠርቶ ማስገፋት ነው። በዚህ አገር ገፍቶ ማስነሣት የማኅበራዊ ኑሮ አካል ነው። ማን ነው መኪና ገፍቶ የማያውቅ?

ባሕር ዳር የራሷ ምዕራፍ አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን በ1953 ዓ.ም. የቆመው በጣሊያን የጦር ካሣ ነው። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እገዛ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፤ ዛሬም ግቢውን "ፖሊ" የምንለው ለዚህ ነው። ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ የእርሻ መካኒክነት ነበር። እንግዲህ እዚያ የተማረ ልጅ የትራክተርን ካምቢዮ ከፈታ፣ ነገ የኡዋዝን፣ ከነገ ወዲያ የላንድሮቨርን ይፈታል። የሶቪየት ይሁን የእንግሊዝ፣ አሠራሩ ዘመድ ነው።

ፖሊ የተማሩ አንድ ጋሼ አውቃለሁ። ስሜን አትጥሪ ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ "እታለም፣ ካምቢዮ ይናገራል። ከመሞቱ በፊት ተናዞ ነው የሚሞት። ይኼ ኦቶማቲክ የምትሉት ግን ደኅና ውሎ ያድርና ጧት ቀዝቅዞ ታገኚዋለሽ።"

ኦቶማቲክ ወጣት ነው እንዳትሉ። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ጣሊያን ገና እኛ አገር ሳለ ማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክ ላይ ሳይቀር ተገጥሟል። ቶዮታም የራሱን ኦቶማቲክ እ.ኤ.አ. በ1959 ሠርቷል። ወደኛ ለመምጣት ግን ዕድሜውን ፈጀ። የቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተወለደ ጀምሮ በየእርዳታ ድርጅቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ ኋላም ከቀረጥ ነፃ በሚያስገባው ባለሀብት እጅ አገሩን ሲያካልል በአብዛኛው ባለ ፍሪሲዮን ነበር። "ዲፎርዲ" ብለን በሞተሩ ስም የምንጠራው፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ደብል ጋቢናም ቢሆን እኛ ዘንድ የገባው በብዛት ባለ ማንዋሉ ነው። ኦቶማቲክን ሕዝቡ የለመደው በትንንሾቹ፣ በቪትዝና በመሰሎቿ ነው። ቪትዝ ከተማ ለከተማ ትሽከረከራለች እንጂ ባሕር ዛፍ አትጭንም። ኦቶማቲክ ፒካፕ ሲበዛ ነው ጉዱ የመጣው።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ፤ ያወቃችሁ ዝለሉት። ኦቶማቲክ ላይ ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው ሰሃን ሳይሆን ዘይት ነው። ሞተሩ ዘይቱን ያሽከረክራል፣ ዘይቱ ማርሹን። ማርሽ የሚቀያየረውም በዘይት ግፊት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ደሙም ጡንቻውም ነው። ከባድ ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ስትንፏቀቅ ዘይቱ ይግላል፤ ሲግል ይቃጠላል፤ ሲቃጠል ግፊቱ ይወርዳል። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ መኪናዋ ተገፍታ አትነሣም። የኋላ ጎማዋ መሬት እየነካ ረጅም መንገድ ከተጎተተች ደግሞ የቀረውም ማርሽ ይበላል። ጎረምሶቹ እዚህ ላይ ሥራ ፈቱ።

በዚህ ላይ ብዙዎቹ አዳዲስ ማርሾች የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም። ቶዮታ ደብሊውኤስ የሚለውን ዘይት በሚጠቀሙት ላይ መጠኑ የሚታየው ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሳለ ከሥር ብሎን ተፈቶ ነው። ሙቀቱን የሚያነበው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ያለው ማን ጋ ነው? ወኪሉ ጋ። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረው ሙያ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ነገሩም ይኼ ነው። ጣሊያኑ መካኒክ ክፉም ይሁን ደግ ካምቢዮውን ሲፈታ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ያይ ነበር። ዛሬ ወኪሉ ጋ መኪናህ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ አንተ የእንግዳ ማረፊያው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ ቴሌቪዥን ታያለህ።

የሰባታሚቱ ባለፒካፕ ይኼን ሁሉ አያውቅም ነበር። የዶሮ መኖና ባሕር ዛፍ የሚያመላልስ፣ በዕቁብና በብድር መኪና የገዛ የሁለት ልጆች አባት ነው። የመኪናዋን ማርካ አልጽፍም። የገዛት ከወኪል ሳይሆን ከአስመጪ ነጋዴ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው። መጀመሪያ ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር መንቀጥቀጥ አመጣች። ሠፈር ያለ መካኒክ ቀይ ዘይት ነው ብሎ የመሪ ዘይት ጨመረላት። ቀለሙ አንድ ነው እኮ! ሥራው ግን ለየቅል ነው። ከወር በኋላ ሞተሯ እየጮኸ እግሯን አላነሣም አለች። ወኪል ዘንድ ደወለ። "አዲስ አበባ አምጣት፤ ከእኛ ስላልገዛሃት ግን ዋስትና የለህም። ደግሞ አነዳድህ ይሆናል" አሉት።

አነዳድህ! ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ዓለም አቀፍ ናትና። አውስትራሊያ ውስጥ ፎርድ ፓወርሺፍት በሚባል ማርሹ የሚንቀጠቀጡ ትንንሽ መኪኖችን ሸጦ፣ ችግሩን እያወቀ ደንበኞቹን "አነዳዳችሁ ነው" ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 የአገሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ፒካፕ ካላችሁ ደግሞ አሜሪካ ሂዱልኝ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩት የኒሳን ፍሮንቲየር ፒካፖችና ወንድሞቻቸው ላይ ራዲያተሩ ውስጥ ለውስጥ እየተሰነጠቀ ውሃው ከማርሽ ዘይት ጋር ይቀላቀል ነበር። ዘይቱ የእንጆሪ ጁስ ይመስላል፤ ማርሹ ያልቃል። ባለንብረቶቹ ተሰባስበው ከሰሱ፤ ኩባንያውም የራዲያተሩን ዋስትና እስከ 8 ዓመት ወይም 80 ሺህ ማይል አራዘመ። ልዩነቱ ይታያችኋል? እዚያም መኪናው ይበላሻል፣ እዚያም ወኪሉ ይክዳል። ነገር ግን የተበላሸባቸው ሰዎች ይገናኛሉ።

እኛስ ሕግ የለንም? አለን፤ ያውም አሮጌ። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢው ጉድለቱን ሲያውቅ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረበ ይቀርበታል። ከዚያ ወዲህ በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813 የሸማች ጥበቃ ብሎ መጥቷል። ሰባታሚት ላለው ሰው ግን ጉድለቱ ከፋብሪካ ነው ወይስ ከመሪ ዘይቱ ብሎ የሚመሰክርለት ባለሙያ የት አለ? ብቸኛው ምስክር ኮምፒዩተሩን የያዘው ሰው ነው።

"አዲስ አበባ አምጣት" ማለትስ ቀላል ነው? ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሃ ጽዮን ትወጣላችሁ። ጤነኛ መኪናም ያልበዋል። የታመመች ኦቶማቲክ ተጎትታ አትሄድም፤ የግድ ሌላ መኪና ላይ ትጫናለች። በዚያ ላይ በክልሉ ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያ መንገድ ስንቴ እንደተዘጋ የኔ አንባቢ አያጣውም። መንገድ ሲዘጋ ልጅ ትምህርት ቤት መቅረቱን፣ በሽተኛ ሪፈር ወረቀት ይዞ መቀመጡን እንጽፋለን። ማርሽ ስለሞተባት ፒካፕ ማን ይጽፋል? የዕቁቡ ቀን ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይራዘምም።

ሰውየው መጨረሻ ላይ ያገለገለ ማርሽ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አሳዝዞ ይጠብቃል። (ሶማሌ ተራ የራስህን የተሰረቀ መስታወት መልሰህ ትገዛለህ ይባላል። የራስህን ማርሽ ግን እስካሁን አልሰማሁም።)

"ምን አስጨነቀሽ፣ ኤሌክትሪክ መጥቷል" የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ያሳወቀው በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ካምቢዮም ፍሪሲዮንም በታሪክ ይቀራሉ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩስ? እሱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

የጋሼ ረዳት ግን ኤሌክትሪኩን አልጠበቀም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከስልኩ ጋር የሚገናኝ ኮድ ማንበቢያ ገዝቷል፤ በማያውቀው በሂንዲ የተሠሩ ቪዲዮዎችን እያየ የሰባታሚቷን ማርሽ አውርዶ፣ ቫልቭ ቦዲውን ላስቲክ ላይ ዘርግቶታል። አንድ ነገር ከማንሣቱ በፊት ፎቶ ያነሣል። ውስጡ እንደ ጉንዳን መንገድ የተጠማዘዘ ነው፤ እሱም "የጉንዳን ቤት" ይለዋል። በየመታጠፊያው ትንንሽ ኳሶች አሉ። "ሽንብራ" ይላቸዋል። ጋሼም አሁን "ሽንብራዎቹን አጥባቸው" ሲሉ ሰምቻለሁ። ባለፈው ስሄድ አንዷ ሽንብራ ጠፍታ ሦስታቸውም ከባለፒካፑ ጋር መሬት ላይ ተንበርክከው ይፈልጉ ነበር።