የጋሪ እግር፣ የብረት ቀለበትና የቱምቱ ውለታ



ባለፈው በጋ ለቀብር ከእድሩ ዕቃ ቤት ያወጣነው ዶማ ገና ሁለት ሦስቴ ሳንመታበት ከእጀታው ወልቆ ወደቀ። አንድ አዛውንት «ውሃ ውስጥ ንከሩት እንጂ!» አሉን። ነከርነው፤ እንጨቱ አበጠ፣ ጠበቀ፣ ሥራችንን ጨረስን። ስለ ብረትና እንጨት ታሪክ ይህችን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ይኸው ነው።

የላስቲክ ጎማ ከመምጣቱ በፊት በውጭ አገር የጋሪ እግር እንጨት ነበር። እንዳይበላና እንዳይበታተን ዙሪያውን የብረት ቀለበት ይለብሳል። ቀለበቱ የሚሠራው ከእግሩ ጥቂት ጠበብ ተደርጎ ነው። በእሳት ሲግል ይሰፋል፤ እንደጋለ እንጨቱ ላይ አጥልቀው ውሃ ያፈሱበታል። ሲቀዘቅዝ ይኰማተርና እንጨቱን ሁሉ ጨምቆ ይይዛል።

ታዲያ ጣጣው በበጋ ይመጣል። እንጨቱ ይደርቃል፣ ቀለበቱም ይላላል። ባለጋሪው እግሩን ውሃ ውስጥ ቢያቆመው ለጊዜው ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ያው ነው። ስለዚህ ብረት ሠሪው ቀለበቱን ቆርጦ፣ ትንሽ ቀንሶ፣ በእሳት እንደገና ማጣበቅ ነበረበት። ይህም ብዙ ከሰልና ጉልበት ይፈጃል።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ብረት ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ መሣሪያ ይህን ድካም አቀለለ። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ እስኪቀላ ይግላል። መሣሪያው ከግራና ከቀኝ በሁለት መንጋጋ ነክሶ ይይዘዋል፤ ረጅሙን እጀታ ሲጫኑት መንጋጋዎቹ ይቀራረባሉ። የጋለው ቦታ ተጨምቆ ይወፍራል፤ ቀለበቱም በዚያው ልክ ይጠባል። መቁረጥ የለም፣ የሚጣልም ብረት የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጭነቱ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ስለነበር መንኰራኩር እምብዛም አልተለመደም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ጋፋት ላይ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን አሰባስበው መድፍና ሠረገላ አሠሩ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀበት። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ገደሉ መጠረብ ነበረበት፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው። በጋፋት ከፈረንጆቹ ጎን የአገር ልጆችም ሠርተዋል፤ በየመጽሐፉ የምናነበው ግን በአብዛኛው የፈረንጆቹን ስም ነው።

እኛስ ከዚህ የተሻለ አድርገናል ወይ? ወለጋ ብረት ከድንጋይ አንጥረው ያወጡ የነበሩ፣ በወናፍና በመዶሻ ማረሻና ዶማ የሚሠሩ ባለሙያዎች አገር ነው። ቱምቱ እንላቸዋለን። በልጅነታችን ዶማው ሲዶለዱም ደጃፋቸው እንሄድ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ግን «ቡዳ» እያልን እንሸሻቸዋለን። ከነሱ ጋር ማዕድ መቁረስ፣ መጋባትማ የማይታሰብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ከእኛ ልጅነት ቢቀድምም ስድቡ ቀርቶ አላገኘነውም።

ወገኖቻችን፣ እስቲ እናስበው። አባቶቻችን ያረሱበት ማረሻ፣ መቃብራቸው የተቆፈረበት ዶማ ከማን እጅ ወጣ? ያን ባለሙያ በሕይወቱ ከማዕዳችን አርቀን፣ በሞታችን ቀን ግን በሠራው ብረት አፈር ለበስን። ይህ ዕዳ ነው፤ በወርሃዊ መዋጮም አይከፈልም።

በእድራችን ሁሉም እኩል ያዋጣል፣ እኩል ይቀበራል። የቀረው በየቤታችን፣ በልጆቻችን ጋብቻና በአፋችን ላይ ያለው ነው። ያ ብረት ሠሪ የላላውን ቀለበት ሳይቆርጥ ሁለቱን ጫፍ አቀራርቦ እንዳጠበቀው፣ እኛም ከጎረቤታችን ማንንም ቆርጠን ሳንጥል እንቀራረብ።

ዶማዎቹም በጋ ሳይገባ ይታዩ።