ለሄዱት የተዘፈነ

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ዓለም ከሰማው ቆይቷል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ2006 (እዚህ ኬንያ በምንቆጥረው አቆጣጠር እጽፋለሁ) ሥራቸውን «ኢትዮፒክስ» ከሚባሉት ተከታታይ አልበሞች 21ኛው አድርጎ ካሳተመ ወዲህ ስማቸው ከአገር አገር ዞሯል፤ ፊልም ሠሪዎችም ሙዚቃቸውን ተሻምተውታል። ድምፃቸውን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በአማርኛ ደርሰው ራሳቸው ፒያኖ እየተጫወቱ ያዜሟቸው ዘፈኖች «ሱቬኒርስ» በሚል አልበም ለሕዝብ የደረሱት በ2024 ነው፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር።

ዘፈኖቹ የተቀዱት በደርግ ዘመን፣ ከ1977 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ነው። ስቱዲዮ የለም፤ ያለው ፒያኖና ተራ የካሴት ቴፕ ነው። ከደጅ የወፍ ድምፅ አብሮ ገብቷል። አንዱ ዘፈን ሩቅ ያለውን ሰው ያለበት አገር አየሩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሌላው አገርህን አትርሳ ብሎ አደራ ይሰጣል። አድማጩ ሁሉ «የስደት ዘፈን» ይላቸዋል። እኔ እንደዚያ አልሰማኋቸውም። ሲዘፍኑ እኮ እማሆይ ገና አገራቸው ናቸው! እየሄደ ያለው ሌላው ሰው ነው፤ ከቀይ ሽብር የተረፈው፣ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ፣ የሌለው ወደ ድንበር። እነዚህ የቀሪ ሰው ዘፈኖች ናቸው፤ ሸኝቶ የተመለሰ፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ዘፈኖች። እዚህ ሞያሌ ድንበር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ድንበር ተሻግረው ከዚህ ብዙም በማይርቀው ዋልዳ ካምፕ የሰፈሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እያንዳንዳቸው እንዲህ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቤት ትተው ነበር።

መለየትን እማሆይ የተማሩት በልጅነት ነው። በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ አውሮፓ የተማሩ፣ ቋንቋ አዋቂ፣ ጎንደርንም አዲስ አበባንም በከንቲባነት ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊንም የጀመሩት እዚያ ነው። (ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ደራሲ፣ በ1957ም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል፤ ለብቻቸው አንድ ሙሉ ገጽ የሚገባቸው ሴት ናቸው።) የውብዳር ወደ አገር የተመለሱት በ1933፣ ጣሊያን ሊወር ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር።

በ1937 ቤተሰቡ በጣሊያኖች ተግዞ ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ሜርኮሊያኖ ተወሰደ። በዚያው ዓመት ገደማ ሌሎች ኢትዮጵያውያን በእኛ በኩል ድንበሩን ተሻግረው እንግሊዞች ኢሲዮሎ ላይ ባቆሙት ካምፕ ሰፍረዋል። አንዱ ወገን በመርከብ ወደ ባሕር ማዶ፣ ሌላው በእግሩ ወደዚህ።

ከነፃነት በኋላ የውብዳር ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ተማሩ፤ በቀን አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ። ተመልሰውም ለንደን ሮያል አካዳሚ የመማር ዕድል አገኙ። የመውጫ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። ምግብ አልቀምስ ብለው ብዙ ቀን ከሰነበቱ በኋላ ሕይወታቸው ወደ ሌላ ዞረ። ወሎ ግሸን ማርያም ገቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ፣ በተራራው ላይ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ግሸን ያለችው አምባሰል ውስጥ መሆኑን ሙዚቃ የሚያውቅ አንባቢ ልብ ይበል፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሚጠራው በዚያ አገር ስም ነው።

ሙዚቃውን ጨርሰው አልተዉትም። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ፒያኖውን እንደገና ከፈቱ፤ ጎንደር ወርደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። እዚያ የዜማ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑና ሜዳ እያደሩ ሲማሩ ማየታቸው እረፍት ነሳቸው። ለመርዳት እሳቸው ገንዘብ የላቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃ ነው። በ1967 ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለተቸገሩ ልጆች እንዲውል አደረጉ።

በ1984 እሳቸውም ሄዱ። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር 39 ዓመት ኖረው በመጋቢት 2023፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ። በዘፈናቸው ለሌላ ሰው ያቀረቡት ጥያቄ ወደ ራሳቸው ዞሮ መጣባቸው ማለት ነው። እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒትዝ በከረጢት ተጠቅልለው የቆዩ የእጅ ጽሑፍ ኖታዎቻቸውን አሰባስባ በ2013፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በመጽሐፍ እንዲታተሙ ረዳች።

የውጭ ጸሐፊዎች ሙዚቃቸውን «ጃዝ» ይሉታል፤ ቢቢሲም በ2017 ስለ እሳቸው የሠራውን የሬዲዮ ዝግጅት በአሜሪካ የመጠጥ ቤት ፒያኖ ስም ሰይሞታል። ላንድ መነኩሲት የሚሰጥ ስም አይደለም፤ ጆሮንም ያሳስታል። ግራ እጃቸው ስዊዘርላንድና ካይሮ የቀሰመውን ዋልስ ያስታውሳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ድምፅን እያወዛወዘ፣ ጊዜውን እያሳጠረና እያስረዘመ ሲሄድ ማሲንቆ የሰማ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ዘፈኖቹ ላይ ይህ ይበልጥ ይገለጣል፤ ፒያኖው ከቃሉ ፊት አይቀድምም፣ አዝማሪ ግጥሙን ሲጥል መሣሪያው እንደሚጠብቀው ይጠብቃል።

ድምፃቸው የሠለጠነ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ ከፍ ያለው ላይ ይሰበራል። ብዙ አድማጭ በዚህ ይመሰጣል። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ዘፈኖቹ ግን በሳቸው ቴፕ ላይ ብቻ ተወስነው መቅረታቸው ቅር ይለኛል። የፒያኖ ሥራዎቻቸውን ብዙ ሰው እየተጫወታቸው ነው። እነዚህን የአማርኛ ዘፈኖች ደግሞ ሌላ ሰው፣ ጥሩ ድምፅ ያላት አንዲት ወጣት በክራር ወይም በማሲንቆ ብትሞክራቸው፣ የዜማ ደራሲዋ እማሆይ ምን ያህል እንደሆኑ ያኔ በደንብ ይለያል።