የዲጂታል ዘፈን ስብስብን በፕሌይሊስት ማደራጀት

ከካሴትና ከሲዲ የተቀዱ፣ በፍላሽ ከወዳጅ የመጡና ከኢንተርኔት የወረዱ ዘፈኖች በአንድ ኮምፒውተር ሲከማቹ በሺዎች ይቆጠራሉ። ስብስቡ በበዛ ቁጥር የሚፈለገውን ዘፈን ማግኘት ያዳግታል። ለዚህ የሚያገለግለው የማጫወቻ ዝርዝር፣ በተለምዶ “ፕሌይሊስት” የሚባለው ነው።

ፕሌይሊስት ምንድን ነው?

ፕሌይሊስት ዘፈኑን በውስጡ አይዝም፤ ዘፈኑ የተቀመጠበትን ቦታ በቅደም ተከተል ይመዘግባል እንጂ። በመሆኑም አንድ ዘፈን ሳይባዛ በበርካታ ዝርዝሮች ሊካተት ይችላል። በአንጻሩ ፋይሉ ወደ ሌላ ፎልደር ከተዛወረ ወይም ስሙ ከተቀየረ ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ዘፈኑን ያጣዋል። ስለዚህ በቅድሚያ ፎልደሮችንና የፋይል ስሞችን አስተካክሎ መጨረስ ይገባል።

የመረጃ አሞላል

የኤምፒ3 ፋይል የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ አልበሙንና ዓመቱን በውስጡ መያዝ ይችላል። የአማርኛ ስብስብ ግን ሦስት ጥንቃቄዎችን ይሻል።

1. ሞክሼ ፊደላት፦ ኮምፒውተር “ጥላሁን ገሠሠ” እና “ጥላሁን ገሰሰ” የሚሉትን በአብዛኛው እንደ ሁለት ዘፋኞች ይቆጥራቸዋል። አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናት ያስፈልጋል።

2. የዘመን አቆጣጠር፦ የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለያዩ፣ ሁለቱን ማደባለቅ የዘመን ቅደም ተከተሉን ያዛባል።

3. የግእዝ ፊደል፦ የፋይል ስሞች በአማርኛ ከተጻፉ ዝርዝሩን ዩኒኮድን በሚደግፈው “ኤም3ዩ8” ቅርጽ ማስቀመጥ ይመረጣል።

አከፋፈል

ዝርዝሮችን በዘፋኝ፣ በዘመን፣ እንደ ሠርግና በዓል ባሉ አጋጣሚዎች፣ ወይም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በተባሉት አራቱ ቅኝቶች መክፈል ይቻላል። አንዳንድ ማጫወቻዎች በተሰጣቸው መስፈርት ዝርዝሩን በራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ የሚሠሩት ግን በተሞላው መረጃ ልክ ነው።

መጠባበቂያ

የዘፈኖቹንም የዝርዝሮቹንም ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ መያዝ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ብቻ ቢተርፍ የሚዘፍን የለውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ትኩረት የሚሹት ከአሮጌ ካሴት ተቀድተው “ትራክ 01” ተብለው የቀሩት ናቸው። የጠፋን ዝርዝር እንደገና ማዘጋጀት ይቻላል፤ የዘፋኙን ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ታላላቆች ካለፉ በኋላ ግን ስሙን የሚናገር ላይገኝ ይችላል። በሕይወት ሳሉ አሰምቶ፣ ጠይቆ መመዝገብ ይገባል።