ማዕድን የወጣበት መሬት አረንጓዴ ሆኗል፤ ግን ስንት ዓይነት ተክል አለው?

በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች የድንጋይ ከሰል ያወጣ ድርጅት መሬቱን ዓይነቱ በበዛ ተክል መልሶ እንዲሸፍን እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሕግ ያስገድዳል። ብዙዎቹ ግን አፈሩን በዶዘር ጠቅጥቀው ቶሎ የሚበቅል ሣር ዘሩበት። ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ስትሉ ግን ብዙ ቦታ ላይ ያለው ፌስኪዩ የተባለ የአውሮፓ ሣርና ከእስያ የመጣ ሌስፔዴዛ ነው፤ የአገሩ ዛፍ በመካከላቸው መብቀል ይቸግረዋል።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ባለሙያዎች ቦታውን በዕጣ መርጠው ካሬ ያሰምራሉ፣ ለሣር ብዙ ጊዜ 1 ሜትር በ1 ሜትር፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን በየዓይነቱ ይቆጥራሉ። የዓይነቱ ብዛት ብቻውን ግን ይሸውዳል! ሁለት ቦታ አስቡ፤ ሁለቱም ጋ 4 ዓይነት፣ በድምሩ 100 ተክል አለ። አንዱ ጋ እያንዳንዱ ዓይነት 25 ነው። ሌላው ጋ አንዱ ብቻ 97፣ የቀሩት አንድ አንድ። ሻነን የሚባለው መለኪያ ለመጀመሪያው 1.39፣ ለሁለተኛው 0.17 ይሰጣል።

ሻነንም ቢሆን አገር በቀሉን ከመጤው አይለይም። ስለዚህ ዝርዝሩ አጠገቡ ካለ ያልተቆፈረ ጫካ ጋር ይነጻጸራል፤ እሱም አንዴ ሄዶ በመመለስ አይሆንም፣ በፀደይ አብቦ የሚከስመውን ተክል በሌላ ወር ብትፈልጉት አታገኙትም።