ስለ ሙት አደራና ስለ መሐላ

የሞተ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርም። ገንዘቡን የሚበላበትን አያይም፤ ቃሉን ለሚለውጥበትም «እኔ እንዲህ አላልሁም» ብሎ አይመልስም። ስለዚህ በብዙ አገር የሙት ንብረት የሚረከበውን ሰው፣ ኑዛዜ ፈጻሚ ተባለ ወይም ውርስ አጣሪ፣ ሥራውን ሳይጀምር በፊት ማስማል የቆየ ልማድ ነው። መሐላው አፍ ላጣው ሰው አፍ እንዲሆንለት የታሰበ ነው። ነገር ግን መሐላ ብቻውን አደራን ሊጠብቅ ይችላልን? ወጣት አንባቢ ሆይ፣ መልሱን ከታሪክ እንጠይቅ።

በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ኀጢአትን ለነፍስ አባት መናገር ኑዛዜ ነው፤ ንብረትን ለወራሽ ማውረስም ኑዛዜ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ነፍሱንም ቤቱንም አብሮ ያሰናዳ ነበርና። ይህን ቃል የሰማ ሰው ሸክሙ ከባድ ነው።

በአገራችን ታሪክ ከሚታወቁት ኑዛዜዎች ትልቁ የዳግማዊ ምኒልክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሕመም ስለ ጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወራሽ አደረጉ። ልጁ ዕድሜው ገና 12 ዓመት ገደማ ስለ ነበረ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚት እንዲሆኑት ወሰኑ። መኳንንቱ ቃሉን ሊጠብቁ ማሉ፤ ቃሉን በሚያፈርስ ላይ ንጉሡ ርግማን አወረዱ፤ የጳጳሱም የአቡነ ማቴዎስ ግዝት ተጨመረበት። ከዚህ የበለጠ ምን ማሰሪያ ይገኛል?

ሆኖም ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ምኒልክም በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን «ሃይማኖቱን ለወጠ» ብለው ከሥልጣን አወረዱት። መሐላው ስላስፈራቸው ግን አቡነ ማቴዎስን ከግዝቱ እንዲፈቷቸው ጠየቁ፤ ጳጳሱም ጥቂት ካመነቱ በኋላ ፈቷቸው። ያሰረው እጅ ፈታው ማለት ነው። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ ጦር ተዋግተው ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። መኳንንቱ ያደረጉት ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። እኛ የምንማረው ይህን ነው፤ በምላስና በርግማን ብቻ የታሰረ መሐላ ኀይለኞች ሲስማሙ የሚፈታው አያጣም።

በስም የተማለ መሐላም እንዲሁ ነው። በዚያው ዘመን ሰው «ምኒልክ ይሙት» ብሎ ይምል ነበር፤ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ተባለ። መሐላው ኀይሉን የተበደረው ከስሙ ነበርና ዘመኑ ሲያልፍ እርሱም አብሮ አለፈ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አገር እንሻገር። በእንግሊዝ አገር የሙት ኑዛዜ ለብዙ መቶ ዓመት ይታይ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው። ኑዛዜ ፈጻሚው በወንጌል ይምላል። ነገር ግን በመሐላው ብቻ አላመኑትም፤ እ.ኤ.አ. በ1529 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የወጣው ሕግ የሟቹን ዕቃ ሁሉ ቆጥሮ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዘው። እ.ኤ.አ. በ1858 ሥራው ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ተዛወረ። በመካከሉም ኩዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች «ወንጌል አትማሉ ይላል» ብለው መሐላን እንቢ ስላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1696 የወጣ ሕግ ሳይምሉ ቃላቸውን እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2018 የኑዛዜ ፈጻሚው መሐላ ቀርቶ «የጻፍሁት እውነት ነው» ብሎ መፈረም ተተካ፤ ዐውቆ በሐሰት የፈረመ ሊቀጣ ይችላል። ልብ በል፤ መሐላው ሄደ፤ የሟቹን ሀብትና ዕዳ አስልቶ በጽሑፍ መናገር ግን ቀረ።

የእኛም ሕግ በዚሁ መንገድ ተጉዟል። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚናገር ክፍል አለው። በኋላ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውርስ በዝርዝር ደነገገ። በሕጉ መሠረት በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የቃል ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት ከቆየ ከሦስት ወር በኋላ ይፈርሳል። ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። አጣሪው ወራሾቹ እነማን እንደ ሆኑ ይለያል፤ ሀብቱን ይመዘግባል፤ የሟቹን ገንዘብ ከተበዳሪ ይሰበስባል፤ ዕዳውን ይከፍላል። አከፋፈሉም ተራ አለው፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፣ ከዚያም ቀለብ፣ በመጨረሻ በኑዛዜ የተሰጠ ስጦታ ነው። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ መቅረቡ የተለመደ ነው፤ ምስክሮችም ይምላሉ። መሐላው ግን በሩ እንጂ ቤቱ አይደለም።

ይህ ነገር ለነገሥታትና ለባለጸጎች ብቻ የሚሆን አይምሰልህ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የሁምቦዋን ተበላ አስብ። በወላይታ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ መሬቱ ጠባብ ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የግል ንብረት ስላልሆነ የገበሬ ልጅ የሚወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው። አንድ አባወራ ሲሞት በደጁ ያለውን እንሰት ሁሉም ያየዋል። ጎረቤት ዘንድ ለእርባታ የተሰጠችውን ላም ግን ማን ያያታል? ለዘመድ ያበደረውን ገንዘብ፣ ከነጋዴ የወሰደውን ማዳበሪያ፣ በዕቁብ ያልደረሰውን ዕጣ ማን ያውቃል? ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ታላቅ ልጁ ብቻ ነው። እርሱ «እውነት እናገራለሁ» ብሎ ምሎ ስለ ላሚቱ ዝም ቢል፣ መሐላውን ማፍረሱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ታናናሾቹና እናቲቱ ግን ወተቱን ያጣሉ።

እንግዲህ አንተ ማንበብና መጻፍ የተማርህ ወጣት ሆይ፣ አንድ ቀን በእንደዚህ ያለ ቤት ከለቅሶው በኋላ «ና ጻፍልን» መባልህ አይቀርም። ብዕሩን ስትይዝ ታላቅህ የሚነግርህን ብቻ አትጻፍ። እናትህን ጠይቅ፤ ያገባችውን እኅትህንም አስጠራ። ላሚቱን ከነጥጃዋ፣ ያለችበትንም ቤት ጻፍ። የሚጠየቀውን ዕዳ ከሚከፈለው ለይተህ አስፍር። ከዚያም ሁሉም ባሉበት ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው፤ የሚያርም ካለ ያርም፤ የተስማማም ይፈርም።

ይህ ሳይሆን የተማለ መሐላ ነፋስ ነው። ይህ ሆኖ የተማለ መሐላ ግን የሚጠየቅበት ወረቀት አለው፤ ወረቀቱን ጳጳስም ንጉሥም አይፈታውም። አደራ በሰማይም በምድርም ነው ይባላል፤ የሰማዩን እግዚአብሔር ያውቃል፤ የምድሩን ግን እኛው ቆጥረን መጻፍ አለብን።